ከሶል ትንሽ ከፍ ያለ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ እንሰበሰባለን ፎቁ ላይ፣
ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ።
ኮሎኔል ጥበቡ ኮታቸውን ሰቅለው፣
እትዬ አርሻሉይስ መነጽር ወልውለው፣
ሸክላውን በነጠላ ጫፍ እንደ ሕፃን አፍ ጠርገው።

አንድ ሕግ ነበረን፣ «ጸጥታ» የሚል፣ የጸና፤
መርፌዋ ከወረደች የሚያስነጥስ የለም፣ የሚል ቀና።
ሳል ለዕረፍት ነው፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሻገር ዜማው፤
ያን ጊዜ ነው ሁላችን፣ ያጠራቀምነውን፣ ባንድ ላይ የምናሰማው።

ከእግራችን ሥር ግን ሚልኪያስ ነበረ፣
ጊታሩን በአምፕ አስጩሆ ሰፈሩን ያሸበረ።
ፀጉሩ እስከ ትከሻ፣ ቀለበት በየጣቱ፣
ሻተሩን ዘግቶ ከከበሮ መቺው ጋር ማምሸቱ፣ ማንጋቱ።
ቫዮሊኑ ሲያባብለን፣ «እሽሩሩ» ሲለን፣
እሱ ከታች እንደ ሲኖትራክ ተነሥቶ ሲውጠን፣
ኮሎኔል መጥረጊያ ያነሡና በዱላው ሦስቴ ወለሉን ይመታሉ፤
እሱ አንዷን ወፍራም ክር አንድ ጊዜ ይነካል፤ «ሰምቻለሁ» ነው ቃሉ።
ስምንት ዓመት ሙሉ ወሬያችን ይህ ነበር፤
ሦስት በመጥረጊያ፣ አንድ በጊታር።
ቀበሌ ከሰነዋል። ፊርማዬ አለበት።
ተራ ቁጥር አራት። ዛሬ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ቀለሙን አጥብቄ ነው የጻፍኩበት።

አንድ ሐሙስ መብራት ሄደ።
ሸክላው እንደ ሰካራም ቃሉን እያጎተተ ወደ ጥልቅ ወረደ።
ዶክተር ሰዓዳ ለሻማ ቦርሳዋን ስትበረብር፣
ከታች፣ ያለ አምፕ፣ በጣት ብቻ፣ በባዶ ጊታር፣
ያቋረጥነው ዜማ፣ ከተቋረጠበት፣
ቀጠለ፤ ያውም በቪዮላው ድርሻ፣ ማንም ልብ በማይልበት።
ሰዓዳ ሻማውን ተወችው።
ቪዮላ የምትጫወተው እሷ ናት።

ለካ ስምንት ዓመት በጣሪያው ሰምቶናል።
እኛ «ዝም በል» ስንለው፣ እሱ ዝም ብሎ ተምሮናል።

በጥቅምት ሞተ። ኩላሊት ነው አሉ።
ለማሳከሚያው ኮንሰርት ትኬት ይዘው ጓደኞቹ በቸርችል ጎዳና ሲውሉ፣
ባጠገባቸው አልፈናል፣ ሁላችንም፣ በየፊናችን።
ጩኸቱን ፈርተን ነው። ይህ ነበር ምክንያታችን።

በአርባው፣ እናቱን አስፈቅደን፣
አምፑን ከአፍንጮ በር በላዳ ጭነን፣
ሃያ ሦስት ደረጃ፣ ሦስት ጊዜ አርፈን።
ይከብዳል ለካ ድምፅ።

ዘፈኑን ከስልክ ቅጂ ወደ ኖታ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።
ሰባት ሌሊት ፈጀብኝ።
«ጩኸት ነው» ብዬ የፈረምኩበት
አራት ድምፅ ሆኖ ወጣ፤ ጥያቄ ከነመልሱ፣ ማረፊያም ያለበት።
ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ የእኔ ቼሎ፤
ፒያኖው ግን የለም፣ ባለፈው ክረምት ተሸጦ፣ በጋሪ ተጭኖ፣ ሄዷል ተንከባሎ።
ታዲያ በምን እንቃኝ?

አምፑን ሰካነው። ጊታር የለው፣ ባዶውን።
«እምምም...» አለ፣ ከፍቶ ቀይ ዓይኑን።
እትዬ አርሻሉይስ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ልብ እንደሚያዳምጥ ሐኪም፤
«ከሶል ትንሽ ከፍ ያለ ነው» አሉ፣ «ግን ሐቀኛ ነው፣ አይዋዥቅም።»
ዕድሜ ልካችንን በመቃኛ ሹካ የቃኘን፣
ያን ማታ በመብራት ኃይል ተቃኘን።

ተጫወትን። ምቱ ሰባት ነው፤ ኮሎኔል ስድስት ላይ ገቡ፣
ይቅርታ ሳይጠይቁ ተመልሰው ተሰለፉ፣ እንደ ወታደር ልጅ፣ በረድፉ፣ በደንቡ።
መሀል ላይ እትዬ ሳሉ።
ሳል መስሎን ነበር። አልነበረም።
ሕጋችን ስለ ለቅሶ ምንም አይልም።

ስንጨርስ ያጨበጨበ የለም።
ኮሎኔል መጥረጊያውን ከጥግ አነሡ፣
ሦስት ጊዜ መቱ፣ ቀስ ብለው፣ ሰው እንደሚቀሰቅሱ።
ጠበቅን። ያቺን አንዲት ወፍራም ክር።
ታክሲው ወያላው «አራት ኪሎ!» ሲል ብቻ ነው፣ ከውጭ፣ የሚሰማው ነገር።

ከዚያ የደረጃ ኮቴ። በሩ ገርበብ። አዲሱ የምድር ቤት ተከራይ፣ ስልክ ጠጋኝ፣ ገና ልጅ ነው፤
«ረበሽኳችሁ እንዴ?» አለ፣ «ሬዲዮኔን ልቀንሰው?»
ኮሎኔል መጥረጊያውን ተመርኩዘው፣
«የለም ልጄ» አሉት፣ «ትንሽ ጨምረው።»